የእህል ባንክ ቤት አቀያየስና አሠራር

ለልማት ጣቢያ ሠራተኞችና ለእህል ባንክ ኮሚቴ አባላት የተዘጋጀ

መግቢያ

ገበሬ እህሉን የሚሸጠው በጥርና በየካቲት፣ ገበያው በእህል ሲጥለቀለቅ ነው። የሚገዛው ደግሞ በሐምሌና በነሐሴ፣ ዋጋው ሲንር ነው። ገንዘብ የሌለው ከነጋዴ ወይም ጥሪት ካለው ጎረቤቱ ይበደራል፤ በክረምት አንድ ኩንታል ወስዶ በመኸር ሁለት የሚመልስ ሰው በየአካባቢው አይታጣም። የእህል ባንክ የሚቋቋመው ይህን አራጣ ለማስቀረት ነው። አባላት ምርት ሲገባ እህል ያዋጣሉ፤ በክረምት የቸገረው ይበደራል፤ በሚቀጥለው መኸር ጥቂት ጭማሪ አክሎ በዓይነት ይመልሳል።

በአገራችን ከ1966 ዓ.ም. ረኀብ በኋላ፣ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ በአገር ደረጃ የመጠባበቂያ እህል ክምችት ተቋቁሟል። የዚህ ዓይነቱ ክምችት መጋዘኖች ግን የሚገኙት በከተሞችና በዋና መንገዶች ዳር ስለ ሆነ፣ በሐምሌ ጭቃ ውስጥ ለሚገኝ አንድ ጎጥ አይደርሱለትም። በምዕራብ አፍሪካም በቡርኪና ፋሶ፣ በማሊና በኒዠር፣ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከደረሰው ድርቅ ወዲህ ብዙ የመንደር እህል ባንኮች ተቋቁመው ነበር። ከነዚህ ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተዘግተዋል። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምክንያት ብድሩ አለመመለሱና አስተዳደሩ መላላቱ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብድሩ ያልተመለሰበት አንዱ ምክንያት በቤቱ ውስጥ መፈለግ ይኖርበታል። የነቀዘ እህል የወሰደ ሰው ንጹሕ እህል ለመመለስ ልቡ አይፈቅድለትም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ቤቱን ነው። ሐሳባችን ባጭሩ ይህ ነው፦ የእህል ባንክ ቤት መለካት ያለበት በተገኘው ቆርቆሮ ወይም በለጋሹ ገንዘብ ሳይሆን በእደላው ቀን ነው። ማን፣ ምን ያህል፣ ከየት ተነሥቶ፣ በምን ተሸክሞ ይወስዳል? ይህ ከታወቀ የግድግዳው ርዝመት፣ የበሩ ቦታና የጆንያው መጠን ራሳቸው ተከትለው ይመጣሉ።

በኋላ ግድግዳ የተረሳ እህል

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ወረዳ ውስጥ ለ300 ኩንታል ታስቦ የተሠራ የእህል ባንክ አይቻለሁ። ግድግዳው ድንጋይ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው አዲስ ቆርቆሮ ነበር። ውስጡ የነበረው ግን ከ70 ኩንታል የማይበልጥ ማሽላ ሲሆን፣ እሱም ከበሩ ትይዩ ካለው የኋላ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ተከምሯል። በየዓመቱ የሚገባው አዲስ እህል ከአሮጌው ፊት ይደረደራል፤ በክረምት የሚወጣውም ይኸው በሩ አጠገብ ያለው አዲሱ ነው። የኋላውን ረድፍ ስንገልጠው ጆንያው በእጃችን ላይ ተቀደደ፤ የወጣውም ዱቄትና ነቀዝ ነበር። 18 ኩንታል ጣልን። ለአንድ ቤተ ሰብ አንድ ኩንታል ቢታደል ኖሮ ይህ የ18 ቤተ ሰብ የ40 ቀን ቀለብ ነበር።

የቤቱ ጠባቂ የነበሩት ሽማግሌ ያሉኝን አልረሳውም። «ልጄ፣ የዚህ ቤት አፉ አንድ ነው፤ በመጨረሻ የጎረሰውን አስቀድሞ ይተፋል» አሉኝ። እኔ በትምህርት ቤት ካየሁት የመጋዘን ፕላን ሁሉ የእሳቸው ንግግር ነገሩን አብርቶልኛል።

ስፋቱን ስለ ማስላት

ስሌቱ ከጎጡ የሕዝብ ቁጥር ሳይሆን በክረምት እህል ከሚያልቅባቸው ቤተ ሰቦች ይጀምራል። ለምሳሌ 150 ቤተ ሰብ ባለበት ጎጥ 100ው ከሐምሌ መባቻ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ፣ ማለትም ለሁለት ወር ተኩል ያህል፣ እህል ያጥራቸዋል እንበል። በአገራችን በዕርዳታና በሴፍቲኔት እደላ ሲሠራበት የቆየው ልክ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል ነው። አምስት ሰው ላለው ቤተ ሰብ በወር 75 ኪሎ፣ ለሁለት ወር ተኩል ደግሞ 187 ኪሎ ተኩል ይሆናል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ማበደር ግን አይገባም። 187 ኪሎ የተበደረ ድኻ ገበሬ በጥር ከነጭማሪው ልመልስ ቢል ለሚቀጥለው ክረምት የሚተርፈው ነገር አይኖርም፤ ዕዳው ዓመት ከዓመት ይጎትተዋል። በእኔ አስተያየት ለአንድ ቤተ ሰብ ከአንድ ኩንታል በላይ ባይሰጥ ይመረጣል። የቀረውን ገበሬው በድንች፣ በጎመን፣ በቀን ሥራና ቀድሞ በሚደርሰው ገብስ ይሸፍናል። እንግዲህ ለብድር 100 ኩንታል፣ ለክፉ ዓመት መጠባበቂያ 20 ኩንታል፣ በድምሩ 120 ኩንታል ወይም 12 ቶን ይሆናል።

በጆንያ የተከመረ አንድ ቶን እህል በግምት 2 ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል። 12 ቶን 24 ሜትር ኩብ ይፈልጋል ማለት ነው። ሰው በትከሻው ተሸክሞ ሳይቸገር የሚደረድረው እስከ 1 ሜትር ተኩል ከፍታ ስለ ሆነ፣ ክምሩ የሚያርፍበት ወለል 16 ካሬ ሜትር ይሆናል። ይህም እያንዳንዱ 2 ሜትር ወርድና 4 ሜትር ርዝመት ያለው ሁለት ክምር ነው። በሁለቱ ክምሮች መካከል 1 ሜትር፣ በክምርና በግድግዳ መካከልም በየአቅጣጫው 1 ሜትር መተላለፊያ ሲተው የቤቱ ውስጥ ስፋት 7 ሜትር በ6 ሜትር ይሆናል። በሩ በ7 ሜትሩ ግድግዳ መካከል ላይ ሆኖ ከመካከለኛው መተላለፊያ ጋር ፊት ለፊት መገጠም አለበት።

ከ42 ካሬ ሜትር ውስጥ እህል የሚያርፍበት 16ቱ ብቻ መሆኑን ሲሰሙ ብዙ የኮሚቴ አባላት ይገረማሉ፤ «ለባዶ ቦታ ነው እንዴ ቆርቆሮ የምንገዛው?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም ይህ ነው፦ ክምሩ 2 ሜትር ወርድ ስላለው የሚይዘው በርዝመቱ የተጋደመ ሁለት ጆንያ ብቻ ነው፤ በግራም በቀኝም መተላለፊያ ስላለ አንዱ ረድፍ ወደ መካከል፣ ሌላው ረድፍ ወደ ግድግዳ ያያል። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ ከሌላ ጆንያ ኋላ የተደበቀ ጆንያ የለም። ከላይ የተናገርነው 18 ኩንታል የጠፋው ይህ መተላለፊያ ስላልነበረ ነው። አቅም ካነሰ የግድግዳው ዳር መተላለፊያ ወደ 60 ሴንቲ ሜትር ሊጠብ ይችላል፤ ቤቱም 6 ሜትር ከ20 በ5 ሜትር ከ20 ይሆናል። ከዚያ በታች ግን መጥረጊያ ይዞ ለመግባት አያመችም፤ ያልተጠረገ ጥግ ደግሞ የነቀዝ ቤት ነው።

ሚዛኑን፣ መዝገቡንና ወረፋውን ወደ ቤቱ ውስጥ ማስገባት አያስፈልግም። ለዚህ ከበሩ ፊት 2 ሜትር ተኩል ወርድ ያለው በረንዳ ይሠራል። እናቶች ዝናብ ሳይመታቸው ተራ የሚጠብቁት፣ በመኸርም እህል ተመርምሮ የሚመዘነው እዚያው ነው።

ቦታውን ስለ መምረጥ

ብዙ ጊዜ ቦታው የሚመረጠው የጭነት መኪና እንዲገባበት ተብሎ በመንገድ ዳር ነው። መኪናው ግን የሚመጣው ቆርቆሮና ሲሚንቶ ሲያራግፍ አንድ ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ እህሉ የሚመጣውም የሚሄደውም በአህያና በሰው ጀርባ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ወንዙ የት እንደ ሆነ ነው። በጥር እግር የማያርሰው ወንዝ በሐምሌ አጋማሽ ሰውና ከብት ይወስዳል። ከአባላቱ እኩሌታው ወንዝ ማዶ ከሆኑ፣ ባንኩ ለነሱ የሚዘጋው በጣም በሚፈልጉት ሳምንት ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ አንድ የ120 ኩንታል ቤት ከመሥራት በየማዶው ሁለት የ60 ኩንታል ቤት መሥራት ይሻላል። ወጪው ከፍ ማለቱ አይካድም፤ ነገር ግን ግማሹን ሕዝብ የማያገለግል ቤት በርካሽ ተሠራ ቢባል ምን ይጠቅማል? ሁለተኛ ቤት ለመሥራት ፈጽሞ አቅም ከሌለ፣ ወንዝ ማዶ ያሉት ድርሻቸውን ከሌሎቹ አስቀድመው፣ ከሰኔ ሚካኤል በኋላ ባለው ሳምንት፣ ወንዙ ሳይሞላ እንዲወስዱ በደንቡ ውስጥ መጻፍ አለበት።

ከዚህ ሌላ ቦታው ውኃ የማይተኛበት፣ ትንሽ ዘቅዘቅ ያለ ቢሆን፣ ከላይ በኩልም የጎርፍ ማስቀየሻ ቦይ ቢቆፈርለት መልካም ነው። ከዛፍ ጥላ መራቅ ያስፈልጋል፤ ቅርንጫፍ ለአይጥ መሰላል ነው። ወፍጮ ቤት ካለ በአጠገቡ መሥራት ይጠቅማል፤ ሴቶች እዚያ መሄዳቸው ስለማይቀር ሁለት ጉዞ አንድ ይሆንላቸዋል። በሩ ደግሞ ሰው ከሚኖርበት ቤት የሚታይ ይሁን። ሌባ ከቁልፍ ይልቅ ዓይን ይፈራል።

ወለል፣ ግድግዳና ጣሪያ

እህልን ከነቀዝ ቀጥሎ የሚያጠፋው እርጥበት ነው። እርጥበትም ከሦስት በኩል ይመጣል፦ ከመሬት፣ ከጣሪያና ከራሱ ከእህሉ።

ከመሬት የሚመጣውን ለመከላከል ወለሉ ከውጪው መሬት 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ድንጋይና ጠጠር ከተጠቀጠቀ በኋላ ወፍራም ላስቲክ ተነጥፎ በላዩ ሲሚንቶ ይፈሳል። ላስቲኩን ለመቆጠብ የሚፈልግ ብዙ ነው፤ ሲሚንቶ ብቻውን ግን እርጥበት ይስባል። በወለሉ ላይ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የእንጨት ርብራብ ይደረጋል፤ ጆንያ ወለልም ግድግዳም መንካት የለበትም።

ከጣሪያ የሚመጣው ማፍሰስ ብቻ አይደለም። ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ በቤቱ ውስጥ ያለው አየር ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ውኃ ይቋጥርና በላይኛው ጆንያ ላይ ይንጠባጠባል። ገበሬዎች «ቆርቆሮው አላበው» የሚሉት ይህንን ነው። ጣሪያው ምንም ሳያፈስ የላይኛው ረድፍ ሻግቶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱ ከቆርቆሮው በታች የሸምበቆ ወይም የቀርከሃ ኮርኒስ መሥራትና በክምሩና በኮርኒሱ መካከል 1 ሜትር ባዶ መተው ነው። ግድግዳው 2 ሜትር ከ70 ያህል ከፍታ ሲኖረው ይህ ሁሉ ይበቃዋል። የጣሪያው ክንፍ ከግድግዳው 80 ሴንቲ ሜትር ይውጣ። የጭቃ ግድግዳ ከሆነ ይህ የግድ ነው።

መስኮት አያስፈልግም። ከጣሪያው ሥር በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች አየር ማስገቢያ ቀዳዳ ተከፍቶ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት ይገጠምለታል፤ በውስጥ በኩልም የሚዘጋ መክደኛ ይኑረው። ይህን ቀዳዳ ዘወትር ክፍት መተው ስሕተት ነው። በደረቅ ቀን ይከፈታል፤ ማታና ዝናብ ሲዘንብ ይዘጋል። የበሩ የታችኛ ክፍል 30 ሴንቲ ሜትር ያህል በቆርቆሮ ይለበጥ፤ ከበሩ ሥር ትንሽ ጣት የምታስገባ ክፍተት ካለች የአይጥ ግልገል ይገባባታል። በቤቱ ዙሪያ ሁለት ሦስት ሜትር ሣርና ቁጥቋጦ ይመንጠር።

ነቀዝና የእህሉ ዓይነት

የነቀዝ እናት የበቆሎውን ወይም የማሽላውን ፍሬ በስታ እንቁላሏን በውስጡ ታስቀምጣለች፤ ቀዳዳውንም መልሳ ትደፍነዋለች። እጩ በፍሬው ውስጥ ይበላል፣ ያድጋል፤ በሞቃት ቦታ በአምስት ሳምንት ያህል ነቀዝ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ በጥር የተቀበልነው ንጹሕ የሚመስል ጆንያ በየካቲት መጨረሻ ሊነቅዝብን ይችላል። ከተረከቡ ከአምስት ሳምንት በኋላ እያንዳንዱን ጆንያ እንደገና መመርመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ነቀዝ ለማደግ ፍሬው ሊበቃው ይገባል። ጤፍና ዳጉሳ ደቃቅ ስለ ሆኑ ነቀዝ አይራባባቸውም፤ አባቶቻችን ዳጉሳን ለብዙ ዓመት በጎተራ ያቆዩ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት አለ። በየዓመቱ ገብቶ የሚወጣው የብድር እህል ሕዝቡ የሚበላው ማሽላ ወይም በቆሎ ይሁን፤ ሳይነካ ዓመታት ሊቆይ የሚችለው 20 ኩንታል መጠባበቂያ ግን ዳጉሳ በሚበቅልበት አገር ዳጉሳ ቢሆን ይመረጣል። ጤፍም ይቆያል፤ ዋጋው ውድ ስለ ሆነ ግን ለመሸጥ ይፈታተናል።

ለማሽላና ለበቆሎ በአሁኑ ጊዜ የተሻለው ዘዴ አየር የማያስገባ ጆንያ ነው። «ፒክስ» የሚባለው ጆንያ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ በካሜሩን ለአደንጓሬ መሰል ጥራጥሬ ታስቦ የተጀመረ ነው። ከውጪ የተለመደው ማዳበሪያ ጆንያ፣ ከውስጥ ሁለት ወፍራም ላስቲክ አለው። አፉ በደንብ ተጠምዝዞ ሲታሰር በውስጡ ያለው ነቀዝ የቀረችውን አየር ጨርሶ ይታፈናል። መድኃኒት አያስፈልገውም። ነገር ግን እርጥብ እህል ቢገባበት ሻጋታ ይይዘዋል፤ በየጊዜው ቢከፈትም ጥቅሙ ይቀራል።

በመርዝ ጭስ ማጠን ያስፈለገ እንደ ሆነ ኮሚቴው ራሱ አይሞክረው። የአሉሚኒየም ፎስፋይድ እንክብል የሚያወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ሥልጠና ባለው ባለሙያ፣ ሰው ከማይተኛበት ቤት ብቻ ይሠራ። ለማሳ የተገዛ ፀረ ተባይ ደግሞ በምግብ እህል ላይ ፈጽሞ አይረጭም።

እህል ስለ መረከብና ስለ ማደል

የሚገባው እህል እርጥበቱ ከ13 በመቶ መብለጥ የለበትም። መለኪያ መሣሪያ በሌለበት የጨው ሙከራ ይረዳል። ደረቅ ጠርሙስ ሲሶው ድረስ በእህል ተሞልቶ፣ በፀሐይ በደንብ የደረቀ ጨው ሁለት ማንኪያ ይጨመርና ተከድኖ ለጥቂት ደቂቃ ይናጣል። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነው፤ እህሉ ይመለሳል። ካልተጣበቀ ከ15 በታች ነው ማለት ነው፤ ይህም ገና አይበቃምና አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ይመታው። እርጥብ እህል መቀበል ለአዋጪው ደግነት ይመስላል፤ አንድ የሻገተ ጆንያ ግን ጎረቤቶቹን ያበላሻል። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝም በማጠብና በማብሰል አይጠፋም።

ጆንያው የ50 ኪሎ ይሁን። መቶ ኪሎውን የሚያነሣው ጎልማሳ ወንድ ብቻ ነው፤ ብቻዋን የምትኖር ሴትም ሆነች አንድ አህያ ያለው ሰው 50 ኪሎውን ይችሉታል። በጥር በአዋጪው ፊት በትክክል ተመዝኖ የታሰረ ጆንያ በሰኔ ሳይከፈት ይሰጣል፤ ለአንድ ቤተ ሰብ ሁለት ጆንያ። ይህ አየር የማያስገባውን ጆንያ ሳይከፍቱ ለማቆየትም ይበጃል። ሰዓት ይዤ እንዳየሁት፣ ጆንያ ፈትቶ በክረምት መመዘን ለአንድ ቤተ ሰብ 10 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ 100 ቤተ ሰብ ለማስተናገድ ሁለት ሙሉ ቀን ያስፈልጋል። የታሰረውን መስጠት 3 ደቂቃ ነው፤ ሁሉም ከቀትር በኋላ ሳይመሽ ወደየቤቱ ይገባል። ለማረጋገጫ ከየአሥሩ ጆንያ አንዱን በሕዝብ ፊት መመዘን ይበቃል።

ጭማሪው በኩንታል 10 ኪሎ ቢሆን ከ100 ኩንታል 10 ኩንታል ይገኛል። በክብደት ከሚጎድለው፣ ከጥበቃና ከጆንያ ወጪ የተረፈው መጠባበቂያውን ያሳድጋል። ድርቅ በሆነ ዓመት ብድሩ ወደሚቀጥለው መኸር እንደሚተላለፍ አስቀድሞ ይወሰን፤ ሳይወሰን ቢቀር ሰው ዕዳውን ሸሽቶ ከባንኩ ይርቃል። የተበዳሪዎች ስምና ልክ በበረንዳው ላይ በሚሰቀል ሰሌዳ ይጻፍ። ማንበብ የማይችለው እንዲሰማም በእደላው ቀን ጮክ ብሎ ይነበብ። በሩ ሦስት ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፎቹም በሦስት ሰዎች እጅ፣ ቢቻል አንዷ ሴት ሆና፣ ይቀመጡ።

በታኅሣሥ፣ አዲስ እህል ከመግባቱ በፊት፣ ያልተወሰደው አሮጌ እህል ወጥቶ በረንዳው ላይ ይመረመራል፤ ጆንያው በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበት በመካከለኛው መተላለፊያ በኩል ይደረደራል፤ በሰኔ መጀመሪያ የሚወጣውም ይኸው ይሆናል። ባዶ የሆኑት ተራ ጆንያዎች በፈላ ውኃ ተነክረው ፀሐይ ላይ ይሰጣሉ። አየር የማያስገቡት ጆንያዎች ግን ላስቲካቸው መቀደድ አለመቀደዱ በትንፋሽ ተነፍቶ ይፈተሻል። የግድግዳው ስንጥቅ ይደፈናል፣ ወለሉና ርብራቡ ይጠረጋል። ጥራጊው በዚያኑ ቀን ይቃጠል፤ ከቤቱ ጀርባ የተጣለ እንደ ሆነ ነቀዙ በእግሩ ተመልሶ ይገባል።